ዘበኛው የተመረቀ ዕለት

አሶሳ ውስጥ ሳይመረቅ ሥራ የሚጀምር ነገር ቢኖር ዝናብ ብቻ ነው። ድልድዩ ይመረቃል፣ ቦኖው ይመረቃል፣ ቀለም የተቀባ አጥር እንኳ ሪባን ታስሮለት ይመረቃል። ታምሩ የሚሠራበት ቢሮ አምና መጸዳጃ ቤቱን አሳድሶ ነበር፤ የክብር እንግዳ እስኪገኝ አዲሱ በር እንደተቆለፈ ሠራተኛው ሁሉ ጎረቤት መሥሪያ ቤት እየሄደ ሲለማመጥ ሰነበተ። እንግዲህ እንዲህ ባለ አገር፣ ከባሕር ማዶ ያለ ኩባንያ «አዳዲስ አገልግሎቶች ጨምረናል፤ የነበሩትንም አሻሽለናል» ብሎ መልእክት ቢልክ ምን እንደሚከተል መገመት አያቅትም። የቢሮው ኃላፊ አቶ ጅረኛ ምን እንደተጨመረ አልጠየቁም። «መቼ ነው የምናስመርቀው?» ነው ያሉት።

«ጌታዬ፣ ይሄ እኮ የሚመረቅ ዓይነት አይደለም። አንዴ "እሺ" የሚለውን ስጫነው በራሱ ይገባል» አለ ታምሩ።

«እና እንዲሁ ዝም ብሎ ሊገባ?» አሉ አቶ ጅረኛ፣ በጓሮ በር ሌባ ገባ የተባሉ ያህል ደንግጠው።

ታምሩ የቢሮው የኮምፒዩተር ባለሙያ ነው። ወላጆቹ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው አሶሳ ዙሪያ ከሰፈሩት ናቸው፤ አባቱ የልጃቸው ሥራ ምን እንደሆነ ሲነገራቸው «ሰርቨር ማለት ምን የሚያበቅል ነው?» ብለው ጠይቀው፣ የሚያበቅለው ነገር እንደሌለ ሲረዱ ሁለተኛ አላነሱትም። የሚጠብቀው ሰርቨር የክልሉ መምህራን ዝውውር የሚጠይቁበት ድረ ገጽ ያለበት ማሽን ነው። በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ከቢሮው ሁሉ በትክክል የምትሠራውን ብቸኛ ማቀዝቀዣ ይዞ ከኃላፊው በተሻለ ምቾት ይኖራል። ሙቀቱ በሚበረታበት ቀን ሠራተኛው በሰበብ አስባቡ ሰርቨሩን ሊጠይቅ ይመጣል፤ የታመመ ዘመድ እንኳ እንደዚያ አይጠየቅም።

ይህን ማሽን ከሩቅ ሆኖ የሚያስተዳድረው ከውጭ ኩባንያ የተገዛ አገልግሎት ነበር። ማሽኑ ሲደክመው ያያል፣ ሲሞላበት ይናገራል፣ ማን ገባ ማን ወጣ ይመዘግባል። መዝገብ ቤት የምትሠራው ኸድራ «ዘበኛው» ብላ ስም አወጣችለት፤ ቢሮው ሁሉ በዚያው ይጠራው ጀመር። የዘንድሮው መልእክት ይዞት የመጣው ለዚህ ዘበኛ አዲስ አዲስ ጉልበት ነበር። ከእንግዲህ ማሽኑ ቢወድቅ ራሱ ያነሣዋል። ምዝገባ በተባለው ቀን ራሱ ይከፍታል፣ በተባለው ሰዓት ራሱ ይዘጋል። ማንም ሰው አንዳች ነገር ቢነካካ ወዲያው ለኃላፊው ስልክ መልእክት ይልካል። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ አንድ ሰው ከአንድ ቦታ ሆኖ በሩን ደጋግሞ ቢያንኳኳ፣ ይህ ሊሰብር የመጣ አጥቂ ነው ብሎ ያግደዋል። የታገደው ሰው ዝም ብሎ ቢቀመጥ እገዳው ይነሣለታል፤ እንደገና ቢያንኳኳ ግን ይረዝምበታል፤ ባንኳኳ ቁጥር እየረዘመበት ይሄዳል።

«እንግዲህ ኸላስ» አለች ኸድራ ይህን ስትሰማ። «ከፈተ፣ ዘጋ፣ ሌባ ያዘ። ታምሩ፣ አንተ ምን ትሠራለህ?»

«እኔማ ዘበኛውን እጠብቃለሁ።»

«መብሩክ» አለችው።

ከመልእክቱ ግርጌ አንዲት ማሳሰቢያ ነበረች። ብዙ ሰው በአንድ መስመር ብቻ የሚጠቀምበት አካባቢ ካለ አስቀድማችሁ «የሚታመኑ» በሚለው ሥር አስገቡት፣ አለዚያ ዘበኛው እንደ አንድ ሰው ይቆጥራቸዋል ትላለች። ታምሩ አይቷታል። አቶ ጅረኛ ለባነሩና ለመድረኩ ንግግር የሚሆን ትርጉም በአስቸኳይ አዘጋጅ ብለውት ስለነበር የሚያምር የሚያምረውን እየለቀመ ነበር፤ ማሳሰቢያ ደግሞ ባነር ላይ አያምርም። ዘለላት። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ለበሬ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው።

አሁን ወደ ቢሊሴ እንምጣ፤ ታምሩ ቀንም ሆነ ማታ የሚያስበው እሷን ነውና። ቢሊሴ ሚስቱ ናት። የባምባሲ ልጅ ስትሆን ቶንጎ ሒሳብ ታስተምራለች። ከተጋቡ ጀምሮ ትዳራቸውን ከሰው ይልቅ ስልክ ያውቀዋል። መንገዱ ሲደርቅ በአቧራ፣ ሲዘንብ በጭቃ እየተላወሱ በበዓል በበዓል ይገናኛሉ፤ ተገናኝተው ሳይጠጋገቡ ደግሞ የመኪናው ረዳት «ቶንጎ! ቶንጎ!» እያለ መጮህ ይጀምራል። በየዓመቱ ዝውውር ትጠይቃለች፤ በየዓመቱ ቦታ የለም ይባላል። ዘንድሮ ግን አሶሳ ላይ የሒሳብ መምህር ቦታ ተከፈተ፤ ባልና ሚስት ሆነው ተለያይተው የሚኖሩ ቅድሚያ ያገኛሉም ተባለ። እንግዲህ የቀረው ምዝገባው ሳይዘጋ በድረ ገጹ መመዝገብ ብቻ ነው። ታምሩ ከደስታው ብዛት ግቢው ውስጥ የማንጎ ዛፍ ያለበት ቤት ተከራየ፤ ሰፊ አልጋም አሠራና መሐሉ ላይ ብቻውን መተኛት ጀመረ።

«አንተው ሙላልኝ እንጂ» ብላው ነበር ገና ምዝገባው ሲከፈት። «እዚያው ሰርቨሩ ጎን ተቀምጠህ እኔን ጉብታ ለጉብታ ለምን ታንከራትተኛለህ?»

«ቢሌዬ፣ አይሆንም። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ዘመዶቹን እዚህ ቁጭ ብሎ ሲመዘግብ ተገኝቶ የት እንደተላከ ታውቂያለሽ።»

የተላከው የሱዳን ድንበር ላይ ወዳለችው ኩርሙክ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከቢሮው ውስጥ ሆኖ ለሌላ ሰው መመዝገብ ክልክል ሆነ፤ ታምሩም ክልክል ባይሆን እንኳ የሚያደርገው አልነበረም። ሰው ምን ይላል የሚለው ነገር ያሳስበዋል። ሚስቱን ያመጣት በሥልጣኑ ነው እንዳይባል በራሷ እጅ፣ ከራሷ ቦታ፣ እንደማንኛውም መምህር ተመዝግባ እንድትመጣለት ፈለገ። ይህ ሐቀኝነቱ ነው እንግዲህ፤ ሐቀኝነት ደግሞ አንዳንዴ ዋጋውን የሚያስከፍለው ከጎን ያለውን ሰው ነው።

እሺ ብላ ሞከረች። ቢሊሴ በምታስተምርበት ትምህርት ቤት ኢንተርኔት የሚይዘው ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ካለች ጉብታ ላይ ነው፤ እዚያም ያለችው መምህራኑ አዋጥተው የገዟት አንዲት ራውተር ናት። ላፕቶፕ ያላት እሷ ብቻ ስለሆነች ዝውውር የፈለገ መምህር ሁሉ ጠዋት ከደወል በፊት፣ በዕረፍት ሰዓት፣ ማታ ተማሪ ከተሸኘ በኋላ ጉብታዋ ላይ ይሰበሰባል። አንዱ ሲነሣ ሌላው እየተተካ፣ በአንድ ላፕቶፕና በአንድ መስመር በሩን ያንኳኳሉ።

«ታሜ፣ አልገባም አለኝ» አለችው በመጀመሪያው ቀን ደውላ።

«ኔትወርክ ነው። ደጋግመሽ ሞክሪ።»

ይህን መልስ ታምሩ ለሰው ሁሉ የሚሰጠው ነው። ከማንዱራ ቢደወል ኔትወርክ ነው፣ ከካማሺ ቢደወል ኔትወርክ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም እውነቱ ይኸው ነው። ደዋዩም ሌላ መልስ አይጠብቅም። ስልኩን ዘግቶ ደጋግሞ ይሞክራል፣ አንድ ቀን ይገባል፣ «ባለሙያው ረዳኝ» ብሎ ይመርቀዋል። ምንም ሳይሠሩ እንዲህ የሚያስመርቅ ቃል ሲገኝ ማን ይተወዋል?

«አሁንም እንቢ አለ» አለችው በማግሥቱ። «ሌሎቹም እንደኔ ናቸው። ጭራሽ ገጹ ራሱ አይታይም።»

«ምዝገባው ስላለ ተጨናንቆ ነው። ተስፋ አትቁረጪ ቢሌ፤ ደጋግመሽ ሞክሪ።»

ሚስት የባሏን ምክር አትሰማም የሚለውን ያወራ ሰው ቢሊሴን አያውቃትም። ሰማችው። ደጋግማ ሞከረች። ሌሎቹንም «ባለቤቴ ደጋግሙ ብሏል፣ እሱ ደግሞ ባለሙያ ነው» እያለች አበረታታች።

አሶሳ ላይ ደግሞ አቶ ጅረኛ ሌላ ጭንቀት ይዟቸዋል። ምረቃውን ምዝገባው በሚዘጋበት የመጨረሻ ቀን ጠዋት አድርገውታል፤ ምዝገባው ልክ በስድስት ሰዓት በራሱ ሲዘጋ የክብር እንግዳው በዓይናቸው ዓይተው እንዲያጨበጭቡ ነው። ችግሩ እንግዳው በእጃቸው የሚሠሩት ነገር አለመኖሩ ነው። ኩባንያው አሮጌው ከእንግዲህ አይሠራም ስላለ ታምሩ አዲሱን ገና ምዝገባው ሲከፈት አስገብቶታል።

«ታዲያ እንግዳው ምኑን ይጫኑ?» አሉ አቶ ጅረኛ። «ሪባን ቆርጠው ባዶ እጃቸውን ሊመለሱ ነው?»

ታምሩ አሰበ። «አንድ አጥቂ ለጊዜው ሳይሆን ለዘለቄታው የሚታገድበት ቁልፍ አለ። እሱን መጫን ይችላሉ።»

የአቶ ጅረኛ ፊት በራ። «በቃ! ለእንግዳው አንድ ወፈር ያለ አጥቂ ይዘህ ቆይ።»

ለበዓል ሙክት ያዝ የተባለ ይመስል ታምሩ መምረጥ ጀመረ። ዘበኛው የያዛቸው አጥቂዎች በቁጥር ብቻ ተደርድረዋል፤ ማን እንደሆኑ ከየት እንደሆኑ ለማየት አንድ በአንድ መክፈት ይጠይቃል። አልከፈተም። ብዙ ጊዜ ያንኳኳውን ፈለገ፤ ከሌሎቹ ሁሉ አንዱ ርቆ ይታያል። ጠዋት ማታ ሳይሰለች የሚመላለስ፣ በታገደ ቁጥር የሚብስበት ነው። ታምሩ የሩሲያ ወይም የቻይና ሰው ሳይሆን አይቀርም ብሎ ገመተ፣ ጽናቱንም አደነቀ፣ ለምረቃው ምልክት አደረገበት።

የምረቃው ቀን ደረሰ። አዳራሹ ውስጥ የፕላስቲክ ወንበር ተደረደረ፤ የታሸገ ውሃው እንደ ሰልፈኛ ቆመ። «ራሱን በራሱ የሚጠብቅ ሰርቨር!» የሚል ባነር ተሰቀለ። ሰርቨሩ በር ስለሌለው ሪባኑን የት እንደሚያስሩት ሲጨነቁ ቆይተው ላፕቶፑን ዙሪያውን አሰሩት። መብራቱ እንግዳው ሊገቡ ሲሉ ጠፋ፤ ጄኔሬተሩ ተነሣ። የክብር እንግዳው አረፋፍደው መጥተው ስለ ዲጂታል ዘመን ረዥም ንግግር አደረጉ። ታምሩ ስልኩን ቻርጅ እንዲያገኝ ከኸድራ ዘንድ ትቶት መድረክ ላይ ቆሟል፤ ሱፍ ለብሶ ያልበዋል። በውስጡ ግን ደስ ብሎታል። ቢሊሴ ዛሬ ሳትገባ አትቀርም፣ ክረምቱ ሲወጣ ማንጎው ሥር አብረን እንቀመጣለን ይላል።

ሪባኑ ተቆረጠ። ምዝገባው ሊዘጋ የቀረው ግማሽ ሰዓት የማይሞላ ነበር።

«አሁን» አሉ አቶ ጅረኛ በማይክሮፎኑ፣ «ባለሙያችን በምዝገባው ላይ ከተሰነዘሩት ጥቃቶች እጅግ የከፋውን ያሳየናል። ክቡር እንግዳችንም በእጃቸው ለዘለቄታው ያግዱታል።»

ታምሩ ምልክት ያደረገበትን አጥቂ ከፈተው። የዓለም ካርታ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ተዘረጋ። ቀይ ክብ ዞር ዞር አለና ሩሲያም ሳይሄድ፣ ቻይናም ሳይሄድ፣ እዚሁ ክልሉ ላይ አርፎ ከባምባሲ ወደ ታች ወርዶ ቆመ። ከጎኑ በአማርኛ «ቶንጎ አካባቢ» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ። አዳራሹ አጉረመረመ።

ከካርታው ሥር አጥቂው የሚመጣባቸው ሰዓቶች ተደርድረዋል፤ ጠዋት ከደወል በፊት፣ በዕረፍት፣ ተማሪ ከተሸኘ በኋላ። ታምሩ እነዚህን ሰዓቶች ማንም ሳያስረዳው ያውቃቸዋል። ከእያንዳንዳቸው በኋላ ሁልጊዜ ስልኩ ይጮህ ነበር። ያቺ ባነር ላይ አታምርም ብሎ የዘለላት ማሳሰቢያ ከነነጠላ ሰረዟ ትዝ አለችው።

«ከእኛው ውስጥ?» አሉ የክብር እንግዳው ወደ ካርታው ተጠግተው። «አያችሁ፣ ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል። ይህ ሰው ንቆናል ማለት ነው።»

ተጨበጨበ።

«ክቡር እንግዳችን» አለ ታምሩ። «ይሄኛው ምናልባት... ሰው ሊሆን ይችላል።»

«አጥቂማ ሰው ነው፤ ጅብ ነው እንዴ?» አሉ እንግዳው። አዳራሹ በሳቅ አወካ። ታምሩ መምህራን ናቸው ሊል አፉን ሲከፍት አቶ ጅረኛ በአዲሱ ጫማቸው እግሩን ረገጡት፤ ፊታቸው ላይ ያለው ፈገግታ ንቅንቅ አላለም። እንግዳው በአንድ ጣታቸው፣ ጥርስ እንደሚነቅል ሰው አጎንብሰው፣ ቁልፉን ተጫኑት። «ለዘለቄታው ታግዷል» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ጭብጨባው የጄኔሬተሩን ድምፅ ዋጠው። ታምሩ በኋላ ሲያስበው ያን ዝምታውን የሚያጥብበት ውሃ አጣ።

ፎቶ ተነሡ፤ ለታምሩ የምስጋና ምስክር ወረቀት ተሰጠው። ወረቀቱን እንደያዘ በጓዳ በር ወጥቶ ወደ ሰርቨሩ ክፍል ሮጠ። እገዳውን አንሣ ብሎ ዘበኛውን አዘዘው። ዘበኛው በትሕትና መለሰለት፦ ለዘለቄታው የታገደ የሚነሣው በኃላፊው ስልክ ፈቃድ ሲገኝ ነው፤ ጥያቄዎን ልከናል፣ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን። የአቶ ጅረኛ ስልክ ድምፁ ጠፍቶ ኪሳቸው ውስጥ ነበር። ባለስልኩ ደግሞ ጥቁር መነጽር ካደረጉት እንግዳቸው ጎን ቆመው ዛፍ ሲተከል ያጨበጭባሉ።

ታምሩ ተመልሶ ሰው እየገፋ አጠገባቸው ሲደርስ «ጌታዬ፣ ስልክዎን አንዴ» አለ በሹክሹክታ።

«ቆይ፣ ችግኝ እየተተከለ ነው።»

ችግኙ ተተከለ፣ ውሃ ጠጣ፣ ተመረቀ። ስድስት ሰዓት ሆነና ዘበኛው ምዝገባውን በራሱ ዘጋው። ድሮ ታምሩ በእጁ ሲዘጋ የራቁት ይድረሱ ብሎ አንድ ሁለት ቀን ያዘገይ ነበር። ዘበኛው ይህን አመል አልተማረም።

ኸድራ ስልኩን ይዛለት መጣች፤ ስትደነግጥ አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም። «ታምሩ፣ ሚስትህ ብዙ ደውሏል። "ገጹ ሄደ ጭራሽ" ይላል። ደግሞ አልቅሷል፣ ወላሂ።»

ታምሩ ከምሳ በኋላ የአቶ ጅረኛን በር ሳያንኳኳ ገባ። ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራቸው፤ የዘለላትን ማሳሰቢያም ሳይደብቅ ተናገረ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ምዝገባው ለቶንጎ መምህራን አንድ ቀን ይከፈትላቸው ሲል ለመነ።

አቶ ጅረኛ ክፉ ሰው አይደሉም። ኩምሽሽ አሉ፤ መነጽራቸውን አወለቁ። «እውነትም ያሳዝናል» አሉ። «ግን ልጄ፣ ጥቃት ነው ብለን አስመርቀናል። ባስመረቅነው ማግሥት ጥቃቱ የሒሳብ መምህርት ናት ብንል እንግዳውን ምን አደረግናቸው?»

«ጌታዬ፣ ሚስቴ ናት።»

«ለዚያ ነው የማይሆነው! ለሚስቱ ብሎ ከፈተ ይሉሃል። ለስምህ አስብ።»

ታምሩ የራሱን ቃል ከሌላ ሰው አፍ ሰምቶ ወጣ።

የከሰዓቱ ሬድዮ ዜናውን አወራው፤ ከቶንጎ አካባቢ በተደጋጋሚ ሲሰነዘር የነበረ የኮምፒዩተር ጥቃት በዘመናዊ ቴክኖሎጂ መክሸፉ ተገለጸ። ቢሊሴ የደወለችው ያኔ ነው። ልቅሶዋ አልፎላት ድምፅዋ ደረቅ ብሏል።

«ታሜ፣ ሬድዮውን ሰማን። ለካ እኛ መግባት ያቃተን በዚህ ሰውዬ ነው። መምህራኑ ሁሉ ተሰብስበው ከመሐላችን ማን ነው እያሉ ነው። የስፖርቱን መምህር ጠርጥረውታል፣ ዝም ስለሚል።»

ታምሩ «ኔትወርክ ነው» ማለት ይችል ነበር። ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። መዋሸት ግን እዚያው አንገሸገሸው።

«ቢሌ፣ አጥቂው አንቺ ነሽ» አላት።

ዘበኛው ከአንድ ቦታ ደጋግሞ የሚያንኳኳውን እንዴት እንደሚያግድ፣ ባንኳኩ ቁጥር እንዴት እንደሚረዝምባቸው፣ ለእንግዳው የመረጣት እሱ ራሱ እንደሆነ ነገራት። ከኋላዋ ሰዎች የስፖርቱን መምህር ሲያፋጥጡት ይሰማል።

«ደጋግመሽ ሞክሪ ያልከኝ እኮ አንተ ነህ» አለችው በቀስታ። ስልኩን አልዘጋችበትም፤ ብትዘጋበት ይሻለው ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ታምሩ አቶ ጅረኛ ፊት ቆሞ ዝውውር ጠየቀ። ወደ ቶንጎ።

ወደ አሶሳ ለመምጣት ቀን ይቆረጣል፣ ነጥብ ይቆጠራል፣ ቅድሚያ ይታያል። ወደ ቶንጎ ልሂድ የሚል ሰው ግን በየትኛውም ወር ቢመጣ በሩ ክፍት ነው፤ የሚያጣብበው የለም። አቶ ጅረኛ መጀመሪያ ደነገጡ፣ ቀጥሎ አሰቡ፣ ቀጥሎ ፊታቸው በራ። «ግሩም ነው!» አሉ። «ጥቃቱ ወደ መነጨበት ሥፍራ ባለሙያ ተመደበ እንላለን። ሰርቨሩንም እዚያው ሆነህ በላፕቶፕህ ታያለህ፤ ከሩቅ የሚሠራ አይደል?» የእገዳውን ነገር አነሣባቸው። አንድ ቀን እናስብበታለን አሉት። የተመረቀ ነገር መልሶ ማፍረስ ደግ አይደለም።

ኸድራ በር ድረስ ሸኘችው። «ሰው ከቶንጎ ይወጣል፣ አንተ ትገባለህ» አለችና ሳቀች። ከዚያ ግን ዓይኗን ጠረገች።

ሰፊውን አልጋ ፈታቶ በአይሱዙ ጫነው። ቢሊሴ መናኸሪያው ላይ ጠበቀችው። እጆቿን አጣምራ ከእግር እስከ ራሱ አየችውና «ከየት ነህ? ደጋግመህ ነው የመጣኸው ወይስ የመጀመሪያህ ነው?» አለች። ሊመልስ ሲል አቀፈችው። መምህራኑ በመጀመሪያው ሳምንት አኮረፉት፤ የስፖርቱ መምህር ሰላምታ እስኪመልስለት ወር ፈጀ። ይህም የሚገባው እንደሆነ ታምሩ ያምናል። የሁሉንም ማመልከቻ በወረቀት አስጽፎ፣ አስፈርሞ፣ ለሚቀጥለው ዙር በመኪና ሰው እጅ አሶሳ ላከ። ዘመናዊው መንገድ ሲዘጋ አሮጌው ይታወሳል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከቢሊሴ ጋር ጉብታዋ ላይ ተቀምጦ ላፕቶፑን ከፈተና ሰርቨሩን ሊያይ ሞከረ። ዘበኛው በትሕትና መለሰለት፦ ከዚህ ሥፍራ መግባት ለዘለቄታው ታግዷል። የማሽኑ ብቸኛ ጠባቂ ከማሽኑ በር ውጭ ቀርቷል። ቢሊሴ አንገቷን አስግጋ አነበበችውና እስኪያማት ሳቀች።

ስልኩ ጮኸ። አቶ ጅረኛ ናቸው።

«ታምሩ፣ እንዴት ነህ ልጄ? ሲስተሙ አልገባም አለኝ። የይለፍ ቃሌ ተምታቶብኝ ነው መሰለኝ፣ ሦስት አራቴ ሞከርኩ። አሁን ጭራሽ ገጹ ራሱ የለም። የቢሮው ሰው ሁሉ ሞከረ፣ ማንንም አላስገባ አለ። ነገ ደግሞ እንግዳ ይመጣብኛል። ምን ይሻላል?»

ታምሩ የቢሮው ሰው ሁሉ በአንድ መስመር እንደሚጠቀም ያውቃል። መድኃኒቱንም ያውቃል፤ እጃቸውን አጣጥፈው ቢቀመጡ ዘበኛው በራሱ ይለቃቸዋል። ሊነግራቸው አፉን ከፈተ። ቢሊሴ ሳቋን ትታ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች። ከክፍሎቹ በኩል የዕረፍት ደወል ተደወለ፤ መምህራኑ ከልማዳቸው ወደ ጉብታዋ ይመጣሉ፣ ገጹ እንደማይከፈትላቸው እያወቁ።

«ኔትወርክ ነው ጌታዬ» አለ ታምሩ። «ደጋግመው ይሞክሩ።»